በየትኛው በር?

ልጆቼ፣ ሐዋሳ ውስጥ ሕክምና ለምትማሩት ነው የምጽፈው። ሌላውም ቢያነበው ደስ ይለኛል።

አንድ ማለዳ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ሂዱ። ቆሮሶ የሚያጸዳ ልጅ አጠገብ ቁሙ። ሆድ ዕቃውን አባ ኮዳ ለሚባለው ትልቅ ወፍ ከመወርወሩ በፊት አንዴ እዩት። ከዓሣው ተለይቶም አንጀቱ ቀስ እያለ ሊላወስ ይችላል። ማን አዘዘው?

አዛዡ እዚያው ግድግዳው ውስጥ ነው። ስፔናዊው ሳይንቲስት ካሃል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያያቸው ሴሎች አሉ። እሱ የነርቭ ዘር መስለውት ነበር፤ አይደሉም። የሰውን ጨጓራ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል የሚቀሰቅሱት እነሱ ናቸው። በ1906 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመ ሰው ከተሳሳተ እኛ ብንሳሳት አይደንቅም።

የእኔ ጥፋት ግን ሌላ ነው። ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን ሰሌዳ ላይ አንድ ቀስት ሣልኩ፦ ካልሲየም ይገባል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ከኋላ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የደም ግፊት መድኃኒቱ ኒፌዲፒን የካልሲየሙን በር ከዘጋ የጨጓራው ምትም ይቆማል ማለት ነው?" አላውቅም ማለት ከበደኝ። "ፈተና ላይ አይመጣም" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እጇን አላወጣችም።

መልሱ፣ አይቆምም ነው። በሩ አንድ አይደለማ! ካሃል ባያቸው ሴሎች ውስጥ ካልሲየሙ መጀመሪያ የሚለቀቀው ከራሳቸው ጓዳ ነው። እሱ የክሎራይድን በር ይከፍታል። ክሎራይድ ሲወጣ የሴሉ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ምቱ ይህ ነው። ቲ የሚባለው የካልሲየም በር ደግሞ ምቱ ከሴል ወደ ሴል እንዲቀባበል ያግዛል። ኒፌዲፒን በዋናነት የሚዘጋው ጡንቻው ላይ ያለውን፣ ኤል የሚሉትን ነው። ስለዚህ ላብራቶሪ ውስጥ መድኃኒቱ ሲጨመር ጡንቻው ጸጥ ይላል፤ የኤሌክትሪኩ ምት ግን ይቀጥላል። እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ነገሩ የወረቀት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ስኳር ኖሮባቸው ጨጓራቸው ምግብ አላሳልፍ ባላቸው ብዙ ሕመምተኞች ላይ እነዚህ ሴሎች ተመናምነው ይገኛሉ።

እና ሃንድአውቱ "ካልሲየም ገባ" ሲላችሁ "በየትኛው በር?" በሉ። ቢስቁባችሁም ድገሙት። አስተማሪ የምትሆኑ ደግሞ "አላውቅም፣ ነገ አይቼ እመጣለሁ" ማለትን ካሁኑ ልመዱ። እኔ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

ያቺ ልጅ ዛሬ ሐኪም ናት። በቀደም ፒያሳ ቡና ስንጠጣ ይቅርታ ጠይቄ መልሱን ነገርኳት። ሳቀች። "ቲቸር፣ እኔ እኮ የዚያኑ ሳምንት ላይብረሪ ገብቼ አግኝቼዋለሁ" አለችኝ። ሒሳቡንም እሷው ከፈለች።