መልስ፦ ታጥቦም የሚሸት ፕላስቲክ

ወንድሜ፣ «አዳማ ላይ ሃይላንድና የዘይት ጀሪካን ፈጭቼ በላርጎ አጠብኩ፣ ሽታው ግን አልለቅ አለኝ» ላልከው፦ መጀመሪያ ለያያቸው። ሃይላንዱ ፔት (PET) የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል። ክዳኑና ጀሪካኑ ይንሳፈፋሉ። ፒቪሲ (PVC) ከሚባለው ሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ሌብል ካለ ግን አብሮ ስለሚሰምጥ ሳትፈጭ በእጅህ ልቀመው።

ለፔቱ ላርጎ ብቻውን አይበቃም። ከ1 እስከ 2 በመቶ ኮስቲክ ሶዳ (ኃይለኛ የማጠቢያ ኬሚካል) የገባበት፣ 80 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ የሌብሉን ሙጫም ቅባቱንም ያነሳልሃል (ጓንትና መነጽር አደራ፣ ዓይን ያጠፋል)። ከዚያ ደጋግመህ አለቅልቀው፣ በደንብም አድርቀው። እርጥበት ከቀረበት ሲቀልጥ ይደክማል።

ጀሪካኑ ሌላ ጣጣ ነው። ዘይቱ ፕላስቲኩ ውስጥ ስለሚሰርግ ላዩን ብታጥበው ዋጋ የለውም፤ ሽታውን የሚያወጣው ለሰዓታት የሚነፋበት ሙቅ አየር ነው። ላምባ የተያዘበትንማ ጭራሽ ለብቻ አስቀምጠው። ለሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ ይሁን እንጂ ለምግብ ዕቃ አታስበው።