ለጅማ ወጣቶች፦ ዓሣውን ከመምረጣችሁ በፊት ውኃውን ለኩ

ይድረስ ኩሬ ቆፍራችሁ ዓሣ ለማርባት ለምታስቡ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ቀድማችሁ የምትጠይቁት ስለ ትራውት ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ አይፈረድባችሁም። ትራውት ግን ሳይቋረጥ የሚፈስ፣ ጥርት ያለ፣ ከ10 እስከ 16 ዲግሪ የሚሆን ውኃ ይፈልጋል፤ ወደ 25 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። በአገራችን የተላመደው በባሌ ተራሮች ቀዝቃዛ ወንዞች ውስጥ ነው። ፀሐይ የሚመታው የጅማ ኩሬ አይሆነውም። ለእናንተ የሚሆነው ቆሮሶ (ቲላፒያ) ነው፤ ከእሱ ጋር ጥቂት አምባዛ (ካትፊሽ)። ቆሮሶም ቢሆን የሚመቸው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ነው፤ ከ20 በታች ምግብ ይቀንሳል፣ እድገቱም ይዘገያል። ስለዚህ «በስድስት ወር ለገበያ ይደርሳል» የሚለውን የቆላ ሂሳብ እንዳለ አትውሰዱት።

ቦታ ስትመርጡ ከላይ በኩል የቡና ማጠቢያ ጣቢያ መኖር አለመኖሩን እዩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከጣቢያዎቹ የሚለቀቀው ውኃ ስኳር የበዛበት ነው፤ ሲብላላ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ውኃውንም ያኮመጥጣል። ወንዙም የሚቀንሰው በዚያው ወቅት ነው። አንድ ሌሊት የገባ የቡና እጣቢ የዓመት ልፋት ይገላል፤ ከምንጭ መጥለፍ ካልቻላችሁ በእነዚያ ወራት መግቢያውን ዝጉት።

አፈሩን ለመፈተን ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ጠዋት በውኃ ሙሉት። ማታ የጎደለውን መልሳችሁ ሙሉና በቅጠል ሸፍናችሁ አሳድሩት፤ በማግስቱ ጠዋት አብዛኛው ውኃ ካለ አፈሩ ይይዛል። ለጀማሪ 10 በ20 ሜትር ይበቃል፤ ጥልቀቱ ከመግቢያው በኩል 80 ሳንቲሜትር፣ ከመውጫው በኩል 1.2 ሜትር ይሁን። ግድቡን በየ20 ሳንቲሜትሩ እየደለደላችሁ ጠቅጥቁት። መግቢያውም መውጫውም ላይ ወንፊት እሰሩ።

የጅማ ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ውኃ ከመግባቱ በፊት የእርሻ ኖራ በኩሬው ወለል ላይ በትኑ፤ ለ200 ካሬ ሜትር ከ20 እስከ 40 ኪሎ። ኖራና ፍግ አንድ ቀን አይጨመሩም፤ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ከዚያ ለዚሁ ኩሬ በሳምንት እስከ 10 ኪሎ ደረቅ ፍግ ጥግ ላይ በአጥር ከልላችሁ አስቀምጡ። ውኃው አረንጓዴ ሲሆን ክንዳችሁን እስከ ክርን ንከሩ፦ ጣታችሁ ገና ጥርት ብሎ ከታየ ፍግ ያንሰዋል፤ ክርናችሁ ውኃው ሳይደርስ እጃችሁ ከተሰወረ በዝቷል፣ አቁሙ።

የቆሮሶ ጫጩት ከሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ስታመጡ መንገዱ ረጅም ነውና ከረጢቱ አንድ ሦስተኛ ውኃ፣ ሁለት ሦስተኛ ኦክስጅን ይሁን። ስትደርሱ ከነከረጢቱ 20 ደቂቃ ኩሬው ላይ አንሳፉ፤ ቀስ በቀስ የኩሬውን ውኃ እየጨመራችሁ በራሳቸው እንዲወጡ ተዉአቸው። በካሬ ሜትር ሁለት፣ ማለትም 400 በቂ ነው።

ኩሬን ከበሽታ ይልቅ የሚያከስረው የቆሮሶ መራባት ነው። በጥቂት ወራት እድሜው ይወልዳል፤ እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ስትፈለፍል አትበላም፣ ልጆቿ ደግሞ የታላላቆቹን ምግብ ይሻማሉ። መጨረሻው የጣት ቁመት ያለው ሺህ ዓሣ ነው፤ ማንም አይገዛውም። መፍትሔው ወንዶቹን ብቻ ማሳደግ ነው። 30 ግራም ሲሞሉ ገልብጣችሁ እዩ፦ ከፊንጢጣው ኋላ ባለው ጉጥ ላይ ወንዱ አንድ፣ ሴቷ ሁለት ቀዳዳ አላት። ስታዩ ስህተት ስለማይጠፋ፣ ቆሮሶዎቹ ካደጉ በኋላ ከእነሱ ያነሱ 20 ያህል አምባዛዎች ጨምሩ፤ የሚፈለፈለውን እነሱ ይለቅሙታል።

ምግቡ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ተደባልቆ፣ በቀን ከክብደታቸው 4 በመቶ ነው፤ 20 ግራም ለሚመዝኑ 400 ዓሦች 320 ግራም ማለት ነው። በየወሩ ጥቂት ይዛችሁ መዝኑና መጠኑን አስተካክሉ። ውኃው ሲሞቅ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት አብሉ። ክረምት ሰማዩ ደመና ሲሆን ቀንሱ፤ ያልተበላ ምግብ ወለሉ ላይ ይበሰብሳል።

ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው ካያችሁ ኦክስጅን አልቋል። ምግብና ፍግ አቁማችሁ ንጹሕ ውኃ ከላይ እያንጠባጠባችሁ ሳይሆን እያፏፏችሁ አስገቡ፤ ችግሩ ፀሐይ ሲወጣ ጋብ ቢልም ፍጉን ሁለት ሳምንት አትመልሱት።

ዓሣውን ስትሰበስቡ ኩሬውን በብርዱ ጠዋት አጠንፍፉ፤ ገዢው ሳይመጣ ግን የመውጫውን ቱቦ አትክፈቱ። ከዚያ ወለሉ እስኪሰነጣጠቅ ፀሐይ ይምታው፤ በጭቃው ውስጥ የቀረ አንድ ጥንድ ቆሮሶ የሚቀጥለውን ዙር ከወዲሁ ያበላሻል።