ምስሉ ጠርቶ ድምፁ ሲደፈርስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። እናቴ ስለ ልጅነቷ፣ ስለ ባቡሩና ስለ ጣቢያው ሠፈር የምትተርከውን በስልኬ እየቀረጽሁ ራቅ ብለው ለሚኖሩ ዘመዶቻችን እልካለሁ። ምስሉ እጅግ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ግን የራቀና የሚያስተጋባ ነው፤ የቬንትሌተሩም ጉምጉምታ ቃሏን ይውጠዋል። በፕሮግራም ላጸዳው ስሞክር ደግሞ የእናቴ ድምፅ የቆርቆሮ ድምፅ ይሆናል። ሌላ ስልክ መግዛት ይኖርብኛል?

መልስ፦ ስልክዎ የሚነቀፍበት ነገር የለም፤ ችግሩ በስልኩና በእናትዎ መካከል ያለው ርቀት ነው። ስልኩን ሁለት ሜትር ያህል ሲያርቁት ከአፋቸው በቀጥታ የሚደርሰው ቃል ይደክማል፤ ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ማስተጋባትና የቬንትሌተሩ ድምፅ ግን በክፍሉ ሁሉ የተሠራጩ ስለሆኑ እምብዛም አይቀንሱም። በገላጣ ቦታ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር የድምፁ መጠን በ6 ዲሲቤል (የድምፅ ጉላት መለኪያ ነው) ስለሚቀንስ፣ ማይኩን ከ2 ሜትር ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ቢያቀርቡት በቀጥታ የሚደርሰው ንግግር በ18 ዲሲቤል ያህል ይበረታል። ከዚህ የሚስተካከል ውጤት ከየትኛውም የማቀናበሪያ ፕሮግራም አይጠብቁ።

ስለዚህ ምስሉን የሚቀርጸው ስልክ ባለበት ይቆይና፣ ድምፁን በሌላ መሣሪያ ከቅርብ ይቅረጹ። በቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ ካለ የድምፅ መቅጃውን ከፍተው፣ የበረራ ሁነታ ላይ አድርገው፣ ከምስሉ ክልል ወጣ ብሎ በእናትዎ አጠገብ ያኑሩት። ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ከገዙ ደግሞ ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርገው ይስኩት፤ ነጠላቸው እየታከከው እንዳያንኮሻኩሸው ጠርዙን በመርፌ ቁልፍ ያርቁት። ከመግዛትዎ በፊት ሶኬቱን ይመልከቱ፦ ክብ ቀዳዳ ያለው ስልክ የሚቀበለው ሦስት ጥቁር ቀለበት ያለበትን ሶኬት ነው፤ ሁለት ቀለበት ያለው ለካሜራ የተሠራ ስለሆነ ያለ አገናኝ ገመድ በስልክ ላይ አይሠራም፤ ብዙዎቹ አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ታይፕ ሲ ብቻ አላቸው። ሁለቱ መሣሪያዎች መቅረጽ ከጀመሩ በኋላ በካሜራው ፊት አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ ኋላ የጭብጨባውን ድምፅ መዳፎቹ ከተጋጠሙበት ምስል ጋር ያገጣጥሙና የካሜራውን ድምፅ ያጠፉታል። ረዘም ባለ ቀረጻ ከንፈርና ድምፅ ቀስ በቀስ ሊለያዩ ስለሚችሉ በየዕረፍቱ አዲስ ጭብጨባ ያስፈልጋል።

ስለ ክፍሉ እንነጋገር። ባዶ ግድግዳና የሴራሚክ ወይም የሲሚንቶ ወለል ድምፅን መልሰው ይወረውራሉ። በጁገል የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች ነደባ የሚባለው ከፍ ያለ መደብ በምንጣፍና በትራስ ስለሚሸፈን ንግግር ሳያስተጋባ ይሰማል፤ እርስዎም ምንጣፍ በማንጠፍ፣ መጋረጃ በመሳብ፣ በተለይም የእናትዎ ድምፅ በሚያርፍበት፣ ከካሜራው በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ወይም ድርብ ጋቢ በመስቀል ይህንኑ ያገኛሉ። ወፍራሙን የቬንትሌተር ጉምጉምታ ግን ጨርቅ አያስቀረውም፤ መጥፋት አለበት። በድሬዳዋ ሙቀት ይህ ቀላል ልመና እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አዛውንት እናትን በታፈነ ክፍል ማስቀመጥም አይገባም። ማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ፣ ባጃጅም ጋብ በሚልበት ሰዓት፣ በአጭር በአጭሩ እየቀረጹ በመካከሉ ቬንትሌተሩን ቢያበሩላቸው ይሻላል።

በመቅረጫው ላይ የድምፅ መጠን የሚታይ ከሆነ የጎላው ንግግር ከዜሮ፣ ማለትም መሣሪያው ሊቀበል ከሚችለው የመጨረሻ መጠን፣ በታች በ12 እና በ6 ዲሲቤል መካከል ይዋል። ዜሮን ነክቶ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ አይጠገንም። በመጨረሻም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይቅረጹ።

የቆርቆሮው ድምፅ የመጣው ከማጽዳት ብዛት ነው። እንደ ኦዳሲቲ ያለ ነፃ ፕሮግራም የማያስፈልገውን ድምፅ ለመለየት ከዚያ ጸጥታ ጥቂት ሰከንድ ናሙና ይወስዳል፤ ነገር ግን ጉምጉምታውና ንግግሩ የሚጋሩት የድምፅ ክልል ስላለ፣ ብዙ ባስቀነሱት መጠን ከእናትዎ ድምፅም አብሮ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከ80 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ያስወግዱ፤ የሴት ድምፅ ከዚያ በላይ ስለሆነ አይጎዳም። ቀጥሎ ከ6 እስከ 12 ዲሲቤል ብቻ ያስቀንሱና ጥቂት ጉምጉምታ ቢቀር ይተዉት። ይህ ዘዴ የሚሠራው ለማያቋርጥ ድምፅ ነው፤ ለጡሩምባ ወይም ለዶሮ ጩኸት አይሆንም። ከሩቅ የሚሰማ አዛን ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወል ከሆነ ግን እኔ ባልነካው እመርጣለሁ፤ ዘመዶችዎ ሊሰሙ የሚናፍቁት ከተማዋንም ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ እኖራለሁ። ለልጆች የጅብና የአህያ ተረቶችን በሥዕል እያቀናበርሁ በቪዲዮ እሠራለሁ። የዝናብ፣ የእርምጃ፣ የጅብና የገበያ ድምፅ ከኢንተርኔት እያወረድሁ አስገባለሁ፤ ሆኖም ልጆቹ ተረቱ አይሰማንም ይላሉ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ ልጆቹ ትክክል ናቸው፤ ተራኪው ሁልጊዜ ከሁሉም በላይ ሊሰማ ይገባል። የገበያን ወይም የዝናብን ድምፅ ከተራኪው ከ15 እስከ 20 ዲሲቤል ዝቅ አድርገው ከሥር ያንጥፉት፤ ሲገባም ሲወጣም ቀስ ብሎ ይሁን። የጅቡ ጩኸት ተራኪው ሲናገር ሳይሆን ዐረፍተ ነገሩን ጨርሶ ዝም ባለበት ይግባ፤ ከመጮኹ በፊት አንድ ሰከንድ ጸጥታ ቢኖር ደግሞ ልጆቹ ጆሯቸውን አቅንተው ይጠብቁታል።

ድምፆቹን ከማውረድ ይልቅ ራስዎ ቢቀርጿቸው እመክራለሁ፤ ያሉበት ከተማ ለዚህ የታደለ ነው። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖች ድምፅ ነው፤ የጁገልን የድንጋይ መንገድ ኮቴ፣ በክረምትም ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ መቅረጽ ይችላሉ። ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ በሚመገብበት ቦታም፣ የሚያበላውን ሰው አስፈቅደው፣ ጎብኚዎች ከመብዛታቸው በፊት መቅረጽ ይቻላል።

በቦታው የማይገኘው በእጅ ይሠራል። በአሜሪካ ድምፅ ያለው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ጃክ ፎሊ የተባለ ባለሙያ ፊልሙን እያየ እርምጃና የልብስ ኮሽታ በስቱዲዮ ይሠራ ነበር፤ ሙያው እስከ ዛሬ በስሙ ፎሊ ይባላል። ሁለት የላስቲክ ኩባያ ደፍተው አፈር በሞላበት ትሪ ላይ ቢያፈራርቁ የአህያ ኮቴ ይሆናል፤ የብስኩት ላስቲክ ማይክ አጠገብ ቀስ ብሎ ሲጨማደድ እሳት ይመስላል፤ ሩዝ በትሪ ላይ ሲንጠባጠብ ካፊያ፣ ነጠላ ሲራገፍ የወፍ ክንፍ ነው።

ኮቴው ሥዕሉ ላይ እግሩ ከሚያርፍበት ቅጽበት ጋር ይግጠም። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ምስል ካለው እያንዳንዱ ምስል 40 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል፤ አንድ ምስል ቢዘገይ ብዙም አይታወቅም፤ ቢቀድም ግን ይረብሻል፤ ምክንያቱም መብረቅ ታይቶ ነጎድጓድ እንደሚሰማ ሁሉ፣ በተፈጥሮ ድምፅ ከምስል በኋላ እንጂ በፊት አይመጣም። ሲጨርሱ በኢርፎንም በስልኩ ድምፅ ማጉያም ያዳምጡት፤ ትንሿ ማጉያ ወፍራም ድምፅ ስለማታወጣ፣ በኢርፎን ያስፈራ የነበረ ነጎድጓድ በስልክ ሊጠፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ የታወቀ ዘፋኝን ዘፈን ከሥር አስገብቼ ስሙን ብጠቅስ በቂ ነው? (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

መልስ፦ በቂ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራው አመንጪ፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲውሰሩ መብት ሰጥቷል፤ ስም መጥቀስ ፈቃድን አይተካም። በዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ወይም እ.ኤ.አ. በ2005 በባርሴሎና በተጀመረው ፍሪሳውንድ በተባለው የድምፅ ድረ ገጽ ላይ በነፃ የሚወሰዱ ድምፆች አሉ። ሆኖም የፍሪሳውንድ ፈቃዶች ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ ምንም አይጠይቁም፣ ሌሎች የቀራጩን ስም መጥቀስ ያስገድዳሉ፣ ለገቢ ማግኛ እንዳይውሉ የሚከለክሉም አሉ። ስለዚህ ሲያወርዱ ወዲያው የፋይሉን ስም፣ የቀራጩን መለያና የፈቃዱን ዓይነት በአንድ ደብተር ይመዝግቡ።