ጡት ስብሰባ እስኪያልቅ አይጠብቅም

ከወሊድ ፈቃድ ወደ ሥራ ስለመመለስ ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤ ጎርፎልኛል። የቻልኩትን ያህል ልመልስ።

አንዷ ፍሪጅ ያስቀመጠችው የጡት ወተት ቅባቱ ከላይ ተንሳፎ ብታየው ደንግጣለች። አልተበላሸም። ቀስ አድርገሽ አዟዙሪው፣ ይመለሳል።

ታልቦ ስንት ሰዓት ይቆያል? 25 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገሽ አስቀምጪው። ማይክሮዌቭ ግን እንዳይነካው፤ አንዱን ቦታ አፍልቶ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተወዋል። ልጅሽ ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ከሆነ ይህን ቁጥር ተይውና ሐኪሙን ጠይቂ።

"የሥራ ባልደረባዬ፣ ከምሳዬ አጠገብ አታስቀምጪው፣ ይቀፈኛል አለኝ።" ምግብ እኮ ነው! ምሳውን ወደፈለገበት ይውሰደው። ስምሽን ግን ጻፊበት፣ ሰው ተሳስቶ ሻዩ ላይ እንዳይጨምረው።

የአንድ ክፍል ኃላፊ ደብዳቤ ረጅም ስለሆነ ላሳጥረው። ሠራተኛቸው ከወሊድ ከተመለሰች ወዲህ ወተቷን ለማለብ በቀን ሁለቴ ሃያ ሃያ ደቂቃ "ትጠፋለች"፣ ሌሎቹም ማጉረምረም ጀምረዋል። እናትነትን እንደሚያከብሩ ገልጸው፣ "ግን በምሳ ሰዓቷ አንዴ ብትጨርሰው ምን አለበት?" ይላሉ።

ወተት እንደ ፋይል ተከምሮ ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ነገር አይደለም፣ ጌታዬ። ጡት የሚያመርተው በወጣለት ልክ ነው። ሞልቶ ሳይታለብ ሲውል ሰውነት ፈላጊ የለም ብሎ ማምረቱን ይቀንሳል። ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ ወተቱ ራሱ እየሸሸ ይሄዳል። ያኔ እናትየዋ "ወተቴ ደረቀ" ብላ ራሷን ትወቅሳለች፣ ዘመድ አዝማድም ድሮም ወተት አልነበራትም ይላል፣ የስብሰባውን ፕሮግራም ግን ማንም አይጠረጥርም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ደግሞ ወተቱ የሚለቀቀው ኦክሲቶሲን በሚባል ሆርሞን ነው፤ ጭንቀትና ሐፍረት ያግዱታል። በሩ የማይቆለፍ ዕቃ ቤት፣ ይባስ ብሎም ሽንት ቤት ከሰጧት ሃያው ደቂቃ አርባ ቢሆንብዎት አይገረሙ። ወንበር፣ ሶኬት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ ቅርብ የእጅ መታጠቢያ ይበቃል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 የማጥቢያ ዕረፍት እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበት ይላል። የአገርዎን ሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። ለሚያጉረመርሙት ደግሞ ስብሰባ እስኪጀመር ተቀምጠው የሚያባክኑትን ደቂቃ ይቁጠሩላቸው።

"አንዱ ጡቴ ቀልቶ ጠንክሯል፣ ትናንት ማታ አንቀጠቀጠኝ። ሪፖርት ስላለብኝ ቅዳሜ ሐኪም ጋ ብሄድስ?" ለጸሐፊዋ በዚያው ቀን መልሼላታለሁ፤ እዚህ የማወጣው ለሌሎቻችሁ ነው። ቅዳሜ አይደለም፣ ዛሬ! የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ችላ ከተባለ መግል ይቋጥራል። ማጥባቱን አታቁሚ፣ ወተቱ ልጁን አይጎዳም። ሪፖርቱ ይደርሳል።

አንድ አባት ደግሞ "እኔ ማጥባት አልችል፣ ምን ላግዛት?" ይላል። ማታ ማታ የማለቢያውን ዕቃ እጠብ፣ ሳትጠየቅ።