የሄሊኮፕተር አምቡላንስ ካርታና የመንገድ ላይ ሞት

ጥያቄ፦ በየሄሊኮፕተር አምቡላንስ ጣቢያው ዙሪያ የ10 ደቂቃ በረራ ክብ ሣልኩ። ሰፊ ሽፋን ባላቸው አካባቢዎች የመኪና አደጋ ሞት ዝቅተኛ ነው። ሄሊኮፕተሩ ሞትን ቀንሷል ብዬ መጻፍ እችላለሁ?

መልስ፦ ገና ነው። አነሳስዎ ግን ጥሩ ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የአየር አምቡላንሶችን ሲመዘግብ የቆየው አትላስም ሽፋንን ያሳየው በ10 ደቂቃ ክብ ነው። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ለሚበር ሄሊኮፕተር ራዲየሱ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ከገጠመው ግን ወደ 33 ይወርዳል።

ዋናው ጉድለት ክቡ በረራውን ብቻ መቁጠሩ ነው። ተጎጂውን የሚመለከተው ከግጭቱ አንሥቶ ቀዶ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። ለምሳሌ ግብዎ 60 ደቂቃ ከሆነ፣ ከዚያ ላይ ለጥሪና ለስምሪት ውሳኔ 6፣ ለመነሣት 5፣ ለማረፍና በቦታው ለማከም 20፣ ለርክክብ 4 ይቀንሱ። ለበረራ የሚተርፈው 25 ደቂቃ፣ ማለትም ደርሶ መልስ 100 ኪሎ ሜትር ነው። የራስዎን ቁጥሮች ከስምሪት መዝገብ ይውሰዱ፤ አማካዩን ሳይሆን ከ10 ጥሪ 9ኙ የተጠናቀቀበትን ጊዜ ይያዙ።

ሄሊኮፕተሩ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ከሆነ ሽፋኑ ራዲየሱ 50 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ነው፤ ስፋቱ 7,850 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣቢያውና ሆስፒታሉ 60 ኪሎ ሜትር ከተራራቁ ግን ቅርጹ ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 80 ኪሎ ሜትር የሆነ ሞላላ ይሆናል፤ ስፋቱም ወደ 6,280 ይቀንሳል። ብዙ ካርታዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

ክቡን በዲግሪ አይሣሉ፤ ከምድር ወገብ በራቁ ቁጥር የኬንትሮስ ዲግሪ ስለሚያጥር ቅርጹ ይዛባል። በሜትር የሚለካ ፕሮጀክሽን (ድቡልቡሏን ምድር ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማስፈሪያ ዘዴ) ይጠቀሙ፣ የተደራረቡትን አዋህደው አንዴ ብቻ ይቁጠሩ። የቀንና የሌሊት ካርታ ይለዩ፤ በጨለማ የማይበር ሄሊኮፕተር ሌሊት ሽፋን የለውም።

ወደ ሞቱ እንምጣ። ጣቢያዎች የሚበዙት ሕዝብ በሚበዛበት ነው፤ እዚያ ደግሞ ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ፍጥነትም ዝቅ ይላል። ሄሊኮፕተር ባይኖርም ሞቱ ያንስ ነበር። ስለዚህ በሕዝብ ብዛት ሳይሆን ከከባድ ተጎጂዎች መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱትን ያስሉ፤ በቦታው የሞቱትንም ይጨምሩ። ሆስፒታል የደረሱትን ብቻ ከቆጠሩ ፈጣን አገልግሎት የከፋ ሊመስል ይችላል፤ መንገድ ላይ ይሞቱ የነበሩትን ሆስፒታል ያደርሳቸዋልና።

ይበልጥ አሳማኙ፣ ጣቢያ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ በፊትና በኋላ ያለውን፣ ሽፋኑ ካልተለወጠ ተመሳሳይ አካባቢ ጋር ማነጻጸር ነው። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የበርካታ ዓመታት መረጃ ይያዙ። ጣቢያ ብዙ ጊዜ የሚከፈተው ክፉ ዓመት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ቀጣዩ ዓመት በራሱም ሊሻል ይችላል። ይህን እስኪያጣሩ «ሽፋን በሰፋበት ሞቱ ያነሰ ነው» ብለው ይጻፉ እንጂ «ሽፋኑ ሞትን ቀንሷል» አይበሉ።