ለክረምት ፓራፋንጎ (የጎማ ጭቃ መከላከያ) የጠየቅኸው ወንድሜ፣ ይኸውልህ

«እዚህ ጎንደር ከአዘዞ ፒያሳ በማውንቴን ሳይክል እመላለሳለሁ፤ ክረምቱ ሳይብስ ፓራፋንጎ ልግጠም፣ የትኛው ይሻለኛል?» ብለሃል። ሰዉ «ማንኛውም ይሆናል» እያለ ሲመልስልህ አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ማንኛውም አይሆንም። እኔ ማንኛውንም ገዝቼ አይቼዋለሁ።

1ኛ. ከኮርቻው ስር የምትሰካውን አጭሯን ፕላስቲክ አትግዛ። ርካሽ ናት፣ ታምራለችም። የምታድነው ግን መቀመጫህን ብቻ ነው። የኋላ ጎማ የሚረጨው ጭቃ አልፏት ጀርባህን ያገኘዋል። ሐምሌ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ አንድ ቢሮ ፋይል ላስፈርም ሄድኩ። ዝናቡ አባርቷል፣ አስፋልቱ ግን ገና እርጥብ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው «እስቲ ዙር» አለኝ። ዞርኩ። ከወገቤ እስከ ማጅራቴ ወፍራም የጭቃ መስመር! «ታጥበህ ና፣ ወንበር ታበላሻለህ» አለኝ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ። ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ደግሞ በመስኮት አየችና ሳቀች። ፋይሉ ለሌላ ሳምንት ተላለፈ። እስካሁን በዚያ በር ሳልፍ ጀርባዬን ይበላኛል።

2ኛ. እንግዲያው ረጅም ነው የሚያዋጣው ብዬ ገበያ ወጣሁ። ስህተቴ እዚህ ላይ ነው፣ ልብ ብለህ አንብብ። አራዳ ውስጥ ጎማውን ከላይ እስከ ታች የሚሸፍን፣ በሽቦ እግር የሚታሰር የብረት ፓራፋንጎ አገኘሁ። የድሮ ሳይክል ዓይነት፣ ያብረቀርቃል። ሻጩ «ለ26 ጎማ ልኩ ነው» አለኝ። እውነትም ልክ ነበር፤ መዘዙም እሱ ነው። በጎማው ጥርስና በብረቱ መሃል ጣት አይገባም። ሳይክሌም የሽቦው እግር የሚታሰርበት ቀዳዳ የለውም። ብዙ ማውንቴን የለውም፤ ጎንበስ ብለህ ያንተንም ከጎማው እምብርት አጠገብ እይ። ሰሪው በሽቦ ጠምዝዞ አሰረልኝ።

አስፋልት ላይ አንደኛ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ ሙሽራ ንጹሕ ሆኜ ሥራ ገባሁ። ቅዳሜ ግን ዘመድ ልጠይቅ ወደ ደምቢያ ወረድኩ። የደምቢያን ዋልካ ታውቀዋለህ መቼም፣ ጫማ ያስወልቃል። ከዋናው መንገድ እንደወጣሁ ጎማው ጭቃውን እየጠቀለለ ከብረቱ ስር ይጠቀጥቀው ጀመር። ሳይክሉ ከበደኝ። እኔ ጉልበቴ የደከመ መስሎኝ ይበልጥ ረገጥኩ። አንዲት ትንሽ ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ቀጥ! ሳይክሉ እዚያው ቀረ፣ እኔ በመሪው ላይ አልፌ ሄድኩ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች ናቸው «ጉድ በል ጎንደር!» እያሉ መጥተው ያነሱኝ። የግራ እጄ አንጓ ወለም ብሎ ሁለት ሳምንት ወጌሻ ቤት ተመላለስኩ።

ዕቃውን ልመልስ ብሄድ ሰውዬው «የተሸጠ አይመለስም፣ ደሞ አጣመኸዋል» አለኝ። ያጣመመውስ ዋልካ!

3ኛ. ስለዚህ ምርቱንም ቀለሙንም ተወው፣ ክፍተቱን ለካ። ከጎማው ጥርስ እስከ ፓራፋንጎው ሁለት ጣት፣ ዋልካ የምትገባ ከሆነ ሦስት ጣት ይግባ። መግባትህ ደግሞ አይቀርም፣ ጎንደር ተቀምጦ ዘመድ የማይጠይቅ የለም። ስፋቱም ከጎማው ግራና ቀኝ ትንሽ ይትረፍ። የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ ሾክ ካለው መሪውን በሙሉ ክብደትህ ተጫነው። ፓራፋንጎው ከላይ፣ ከመሪው ስር የሚሰካ ከሆነ ጎማው ወጥቶ ሊነካው ይችላል። ከታችኛው፣ ከሚንቀሳቀሰው የሹካ ክፍል የሚታሰረው ግን ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ክፍተቱ አይለወጥም።

ለኋላ ከኮርቻው ምሰሶ ላይ የሚታሰረውን ረጅሙን ፕላስቲክ ግዛ። ጫፉ ጎማውን አልፎ ይውጣ። ድንጋይ ላይ ወደ ጎን እየዞረ ያስቸግራል። እኔ ከማሰሪያው ስር የአሮጌ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልዬበት ቀጥ ብሏል። ይህንን ሰሪውም አያውቀውም ነበር፣ አሁን ለደንበኞቹ የራሱ ፈጠራ አስመስሎ ይሠራዋል።

4ኛውን ቁጥር ልስጠው እንጂ ይኸኛውስ ኩራቴ ነው። የፊቱን አልገዛሁም። ከቢጫ ጀሪካን ቆረጥኩ፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ አጎበጥኩት፣ በጋለ ምስማር አራት ቀዳዳ አበጅቼ በፕላስቲክ ማሰሪያ ከሹካው ጋር አሰርኩት። ሁለት ክረምት አልፎታል። አጭር ነው ብለህ አትናቀው፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ስትለቀው የፊት ጎማው የሚወረውረው ውኃ ዓይንህ ውስጥ ነው የሚገባው። ውኃ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ የጋሪ ፈረስ ፋንድያም አለበት።

ግማሽ ጀሪካን ተርፎኛል፣ ከፈለግህ ናና ውሰድ። የብረቱንም እሰጥህ ነበር፣ እናቴ የዶሮ ውኃ ማጠጫ አድርጋዋለች።