የቡቺ ጆሮ መጀመሪያ ይፈለግ

አንዲት አንባቢ የሞተባትን ውሻ፣ የቡቺን ፎቶ አሳጥባ ግድግዳ ላይ መስቀል ትፈልጋለች። የግራ ጆሮው ግን ጫፉ ላይ ተቆርጧል። አንድ ልጅ በነጻ አፕ ሞልቶላት የጥንቸል ጆሮ ሆኖባታል። ፎቶው አራቱም ጎኑ እኩል ነው፤ 90 ኪሎባይት ይመዝናል።

እህቴ፣ እኔ የጠረጠርኩት እኩል መሆኑን ሳነብ ነው። የስልክ ካሜራ ካልቀየሩት በ4 ለ3 ነው የሚያነሳው። ጆሮውን ካሜራው አልቆረጠውም። አንድ ሰው ለፕሮፋይል ብሎ ክሮፕ አድርጎታል፤ ማለትም ጠርዙን ቆርጦታል። ስለዚህ ያነሳውን ሰው ፈልጊ። አይፎን ከሆነ ኤዲት ውስጥ ገብቶ ሪቨርት ሲል ክሮፑ ይነሳል። በቴሌግራም ሲልክልሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው።

ሲደርስሽ ኦሪጅናሉን አትንኪው። ኮፒ አድርጊና ኮፒው ላይ ሥሪ።

ለምን መሰለሽ? ጄፔግ፣ ፎቶ በብዛት የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት፣ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል እያደረገ ወደ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍለዋል። ከየካሬው ውስጥ ዓይን ብዙም የማይለየውን ጥቃቅን ለውጥ ይጥላል። ፋይሉ የሚቀለው በዚህ ነው። ሰማይ ወይም ግድግዳ ቢሆን ማንም አያውቅበትም። የውሻ ፀጉር ግን ሁለመናው ጥቃቅን ለውጥ ነው፤ እሱ ሲጣል ፀጉሩ ይጨማለቃል። ነካክተሽ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር እንደገና ያሰላል፣ እንደገና ይጥላል። የተጣለው አይመለስም። "ጥራት እጨምራለሁ" የሚሉት ርካሽ አፖችም ከራሳቸው ፈጥረው ነው የሚሞሉት። የጥንቸሉ ጆሮ የመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ እየሠራሽ በፒኤስዲ፣ ምንም በማይጥለው የፎቶሾፕ ፋይል፣ አስቀምጪ፤ ጄፔግ መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ።

ኦሪጅናሉ ከጠፋ ግን ፎቶሾፕ ነው። ልጁ በአፕ የሠራውን ጆሮ ለማስተካከል አትልፊ፤ እሱ ካልነካው ፎቶ ጀምሪ። በክሮፕ መሣሪያው ጠርዙን ወደ ውጭ ስበሽ ቦታ ጨምሪ። መጀመሪያ ከጀርባ ያለውን ሙይ፣ ባዶ ሌየር (ከፎቶው በላይ የሚነጠፍ ንጣፍ) ላይ በክሎን ስታምፕ፣ ከአንድ ቦታ ቀድቶ ሌላ ቦታ በሚያትመው መሣሪያ። ከዚያ ደህናውን ቀኝ ጆሮ በላሶ፣ በእጅ መክበቢያው መሣሪያ፣ ከበሽ ኮንትሮል ጄ ተጫኚ፤ ጆሮው በራሱ ሌየር ይቀዳል። ወደ ጎን ገልብጪው፣ በዋርፕ (ቅርጽ ማጣመሚያው) ከጭንቅላቱ አቀማመጥ ጋር አስማሚው። ጆሮው ሲገለበጥ ብርሃኑም አብሮ ይገለበጣል! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በከርቭስ፣ በብርሃን ማስተካከያው፣ አጨልሚው ወይም አብሪው። መጋጠሚያውን በማስክ (የሌየሩን ክፍል ሳያጠፋ በሚሸፍነው) ደብቂ። ጫፉን በለስላሳ ትልቅ ብራሽ ካሻሸሽው ጥጥ ይመስላል፤ በ2 ወይም በ3 ፒክስል ስመጅ (ቀለሙን እንደ ጣት በሚጎትተው መሣሪያ) ፀጉሩን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ጎትቺ።

አሁንም እላለሁ፣ ይህ ሁሉ ኮፒው ላይ ነው።

የማሳጠቢያውን መጠን ደግሞ አታጋኚ። ፎቶሽ ከፕሮፋይል የተወሰደ 640 ፒክስል ከሆነ፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 5 ሳንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው የሚወጣው። በ150 ካሳጠብሽው 11 ገደማ ይደርሳል፤ ለግድግዳ በሰፊ ነጭ ካርቶን መሐል አድርገሽ ፍሬም አስገቢው። ፎቶ ቤቱ "30 በ40 እናድርግልሽ" ካለሽ እሺ እንዳትይ።